ዛጎል ያለበት ድንጋይ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ጂኦሎጂ ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። አባይ በረሃ ለመስክ ሥራ ወርደሽ ዛጎል የሞላበት የኖራ ድንጋይ አይተሽ ልብሽ እዚያው ቀረ፤ ጓደኞችሽ ደግሞ "ወርቅ ላይ ካልገባሽ ሥራ የለም" ይሉሻል።

በግልጽ ልንገርሽ። "ቅሪተ አካል እወዳለሁ" ለሚል ሲቪ ደሞዝ የሚከፍል የለም። "ይሄ ንብርብር ለሲሚንቶ ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም" የምትል ልጅ ግን ትፈለጋለች። ሙገርም ደርባም መሰቦም የሚፈጩት የኖራ ድንጋይ ነው።

ፎቶዋን የላክሽልኝን ዛጎል እንያት። ግራና ቀኟ እኩል ነው፣ አንዱ ክዳኗ ከሌላው ይበልጣል፣ ጫፏ ላይ ምንቃር ነገር አላት። ብራኪዮፖድ ናት። ሁለቱ ክዳኖች ተመሳስለው እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ጎን ቢያጋድሉ ኖሮ ባይቫልቭ፣ ማለትም ሌላው ባለ ሁለት ክዳን የዛጎል እንስሳ፣ እልሽ ነበር። ብራኪዮፖድ የባሕር እንስሳ ነው፤ ያ ዛሬ ፍየል የሚወጣበት ገደል የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የባሕር ወለል ነበር ማለት ነው።

አሁን አሲድ አውጪ፣ 10 በመቶ የሆነውን ሃይድሮክሎሪክ። ጠብ ስታደርጊው ወዲያው ከተንጨረጨረ ካልሳይት ነው፣ ፋብሪካው የሚፈልገው ማዕድን። ዝም ካለሽ በቢላ ፋቂውና ዱቄቱ ላይ ጨምሪ፤ ያኔ ቀስ ብሎ ካረፋ ማግኒዥየም ያለበት ዶሎማይት ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ይሄን የሚፈራው በምክንያት ነው፦ ማግኒዥየም የበዛበት ሲሚንቶ ከደረቀ በኋላ ውስጥ ውስጡን አብጦ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ በሌንስ ዛጎሎቹ ጭቃ ውስጥ ተበታትነው እንደሆነ ወይ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደሆነ እይ፤ በፈረንጆቹ 1962 ደንሃም የተባለው ጂኦሎጂስት ያወጣው የኖራ ድንጋይ አመዳደብ የሚነሳው ከዚህ ነው፣ ጭቃው የበዛበት ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ የተከማቸ ነው። በዛጎል የታጨቀ ንብርብር ደግሞ ካባ (ድንጋይ የሚፈነቀልበት ቦታ) ውስጥ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተከተልሽ የምትሄጂበት ምልክት ይሆንሻል፣ ይቺን የሚያውቅ ጀማሪ ብዙ አላየሁም።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍሽን እዚሁ ላይ ሥሪ። ንብርብሩን በሜትር ለኪ፣ ከእያንዳንዱ ናሙና ወስደሽ የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠኑን አስለኪ፣ ከቅሪተ አካሉ ጎን በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጪው። ቅሪተ አካል በአዋጅ 209/1992 የተጠበቀ ቅርስ ስለሆነ የምትወስጂውን በመምህርሽ በኩል በፈቃድ ውሰጂ፤ ለሳሎን ጌጥ ብለሽ እንዳትነቅዪ።

ከዚያ ለካባ ጂኦሎጂስትም ለጥራት ቁጥጥርም አመልክቺ። ሲቪሽን ግን ቀድመሽ ላኪልኝ፣ "ታታሪ ሠራተኛ" የምትለዋን አጥፍተሽ ሠንጠረዡን አስገቢባት።