66 ሲደጋገም፦ ትርፍ ፕሪፊክስ የሚያዛባው ዲስአሴምብለር

ጥያቄ፦ ለኤክስ86-64 (ለኢንቴልና ለኤኤምዲ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች) የጻፍኩት ዲስአሴምብለር (የማሽን ኮድን ወደሚነበብ ኢንስትራክሽን የሚመልስ ፕሮግራም) «66 66 05 34 12» ላይ (ባይቶቹ በሄክስ ናቸው) ሲደርስ ከዚያ በኋላ ያለውን ኮድ በሙሉ ያበላሽብኛል። ትርፉን 66 እንደ ስህተት ልቁጠረው?

መልስ፦ አይቁጠሩት። 66 ፕሪፊክስ ነው፤ ማለትም ከኦፕኮዱ (የኢንስትራክሽኑን ሥራ ከሚናገረው ባይት) በፊት መጥቶ የኦፐራንዱን (የሚሠራበትን ዳታ) መጠን የሚቀይር ባይት ነው። ፕሮሰሰሩ ድግግሞሹን ይቀበለዋል፤ ኮምፓይለሮችም ኮድ ለማሰለፍ ባዶ ቦታ ሲሞሉ 66ን ሆን ብለው ይደጋግማሉ። ጥፋቱ ያለው 66 በታየ ቁጥር የኦፐራንዱን መጠን በሚገለብጠው መስመር ላይ ይመስለኛል። የመጀመሪያው 66 መጠኑን ወደ 16 ቢት ያወርዳል፣ ሁለተኛው ወደ 32 ይመልሰዋል፤ ዲኮደርዎም ከ05 (ከመደመር ኦፕኮዱ) በኋላ 2 ባይት ማንበብ ሲገባው 4 ያነባል። የቀጣዩ ኢንስትራክሽን 2 ባይት ተበላ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚያየው 66 መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው፤ ይህ ኮድ 5 ባይት ሆኖ ኤኤክስ በተባለው ባለ16 ቢት ሬጂስተር ላይ 1234 ሄክስን ይደምራል። ስለዚህ ለ66 እና ለ67 (የአድራሻ መጠን ለሚቀይረው ፕሪፊክስ) ፍላጉን ያብሩ እንጂ አይገልብጡ።

የሴግመንት ፕሪፊክስ (የሜሞሪ አድራሻ የሚሰላበትን መነሻ የሚመርጥ ባይት፣ ለምሳሌ 26፣ 36፣ 64 ወይም 65) ከተደጋገመ የመጨረሻውን ይያዙ። በ64 ቢት ሞድ ግን አድራሻ የሚቀይሩት 64 እና 65 ብቻ ናቸው፤ ከ64 በኋላ 26 ወይም 36 ቢመጣ 64ን እንዳይሽርብዎ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሬክስ በተባለው የ64 ቢት ሞድ ፕሪፊክስ ላይ ነው። ከ40 እስከ 4ኤፍ ያለው ባይት የሚሠራው ኦፕኮዱን ተጠግቶ ሲቀመጥ ብቻ ነው። «48 66 05 34 12» ውስጥ 48 ከንቱ ነው፤ ድምሩ 16 ቢት ሆኖ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ 66 48 05 ከሆነ ደግሞ 48 ያሸንፋል፦ ቀጥሎ 4 ባይት ይነበባል፣ ወደ 64 ቢት ከነምልክቱ ይሰፋና አርኤኤክስ (ኤኤክስን የያዘው ባለ64 ቢት ሬጂስተር) ላይ ይደመራል። በሉፕዎ ውስጥ ሌላ ፕሪፊክስ ባገኙ ቁጥር የያዙትን ሬክስ ዜሮ ያድርጉት፤ ይህች አንድ መስመር ትበቃለች።

«ትርፍ ነው» የሚለውን ፍርድ ኦፕኮዱ እስኪታወቅ ያዘግዩት። ኤፍ3 ከ90 (ምንም ከማይሠራው ኢንስትራክሽን) በፊት ሲመጣ ኢንስትራክሽኑን ወደ ሌላ፣ «ፖዝ» ወደተባለው ይቀይረዋል። ከ0ኤፍ 58 (ከነጠብጣብ ቁጥር መደመሪያ ኦፕኮድ) በፊት 66 እና ኤፍ3 አብረው ቢመጡ፣ ማንም ይቅደም ማን፣ የትኛው ኢንስትራክሽን እንደሆነ የሚወስነው ኤፍ3 ነው።

የድግግሞሹ ገደብ የኢንስትራክሽኑ ጠቅላላ ርዝመት ነው፤ ከ15 ባይት አይበልጥም። 14 ጊዜ 66 እና አንድ 90 ይሠራል፤ አንድ 66 ከተጨመረ ፕሮሰሰሩ ፎልት ያነሳል፣ እርስዎም ልክ ያልሆነ ብለው ምልክት ያድርጉበት።

በ64 ቢት ሞድ 66 ከኢ8 ኮል (ፈንክሽን ከሚጠራው ኢንስትራክሽን) በፊት ከመጣ ኢንቴል ችላ ይለዋል፤ ኤኤምዲ ግን ወደሚጠራው ቦታ ያለውን ርቀት በ16 ቢት ያነባል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ደንብ ስለሌለ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ተጠቃሚው እንዲመርጥ ያድርጉ።