ጎንደር ላይ ቢራ ፋብሪካ ልትጎበኝ ነው? «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚልህን አትስማ

ሰላም ወንድሜ። «ለጥምቀት ስድስት ጓደኛሞች ከአዲስ አበባ ጎንደር እንመጣለን። የዳሸን ቢራ ፋብሪካን ጎብኝተን ቢራውን እዚያው መቅመስ ፈልገን ነበር። ዝም ብሎ በሩ ላይ ሄዶ መግባት ይቻላል? ክራፍት ቢራ የሚሉትስ እዚያ አለ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሥር የመለሱልህ ሰዎች ግማሹ «ይቻላል»፣ ግማሹ «አይቻልም»፣ የቀሩት ደግሞ «ለእኔም አንድ ያዝልኝ» ብለው አልፈዋል። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በዚሁ ጉዳይ ገንዘቤም ክብሬም ስለሄደ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ሆቴልና ፋሲል ግቢ የሚነግርህ ሞልቷል፣ እዘለዋለሁ።

1. ቀኑን አስተካክል። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ጾም ነው። ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ፣ ከተማው ሰው በሰው ይሆናል። ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 የሚካኤል ታቦት መመለሻ። በእነዚህ ሦስት ቀናት ባጃጅ እንኳን ብታገኝ የትም አያደርስህም። በዚያ ሰሞን ቢራ ፋብሪካ ልጎብኝ ማለት ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ምጣድ አውሺኝ እንደማለት ነው። ከጥር 13 በኋላ አድርገው፣ ረቡዕና ዓርብንም ተዋቸው። ለምን እንደሆነ ጥብሱ ጋ ስንደርስ ትረዳኛለህ።

2. ፈቃድ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ።

2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ጀርመን የምትኖረው እህቴ ከባሏ ጋር መጣች። ባሏ የዚያው አገር ሰው ነው። ቢራ ለእሱ መጠጥ ብቻ አይደለም፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ራሱ ይጠምቃል። የባየርን ገዢዎች በ1516 እ.ኤ.አ. «ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ምንም አይግባበት» ብለው ያወጡትን ሕግ እንደ ዳዊት በቃሉ ይደግመዋል። ገና ከአውሮፕላን ሲወርድ «ፋብሪካው የት ነው?» አለኝ። እኔም አማች ፊት ማነስ አልፈለግኩም። «ችግር የለም፣ ከተማው የኔ ነው» አልኩ።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩና ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ነገ ጉዳይ ይኖረኛል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ለምን ጉዳይ?» አለች። አስረዳሁ። «ቢራ ልትጠጡ እኔ ማኅተም ልምታ?» ብላ ጓደኛዋን ጠራችና ሁለቱም ሳቁብኝ። ነገ ና ተባልኩ። በማግስቱ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው»። በሦስተኛው ቀን ቢሮው ተቆልፎ በሩ ላይ ወረቀት እንኳን የለም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ! እንደ ተማሪ ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በንዴት ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ ሳማርር አጠገቤ የነበረ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ጣልቃ ገባ። «ውስጥ ሰው አለኝ። አጎቴ ነው። ለስምንት ሰው 3,000 ብር፣ ቅምሻውን ጨምሮ።» ሰጠሁት። አዎ፣ እጅ በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ ሰጠሁት። በነጋታው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እህቴን፣ አማቼን፣ ሁለት የአክስቴን ልጆችና ጓደኞቻቸውን በኮንትራት ሚኒባስ ጭኜ በአዘዞ መንገድ ፋብሪካው በር ደረስኩ። ሰውየው የለም። ስደውል ያቺ የምታውቃት ልጅ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትለኛለች። አምስት ጊዜ ደወልኩ። አምስት ጊዜ እሷው ናት ያነሳችው።

የበሩ ጥበቃ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ላቤን አይተው አዘኑልኝ መሰል ወደ ጥላው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ፋብሪካ ነው እንጂ ጠላ ቤት አይደለም። ከማን ጋር እንደመጣህ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ ጽፈህ ማስገባት ነው። ስልክህን አትርሳ። ለዚህ ደግሞ ለማንም ገንዘብ አይከፈልም» አሉኝ። በቃ። ሦስት ቀን ኮሪደር ላይ ከቆምኩለት፣ 3,000 ብር ከከፈልኩለት ነገር አንድ ገጽ ወረቀት ይበልጥ ነበር። እዚያው አጠገብ ካለ ሱቅ ወረቀት ገዝቼ፣ የሚኒባሱ ወንበር ላይ አስደግፌ በእጄ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን ተደወለልኝ። ስለዚህ አንተ ከአዲስ አበባ ሳትነሳ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ፣ የስድስታችሁን ስም ዘርዝረህ ጻፍ። መታወቂያ ያዙ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ አይሸጥም፣ ከመሀላችሁ ልጅ እግር ካለ አስቀድማችሁ አስቡበት።

3. ጫማ። ሽፍን ጫማ አድርጉ። የጠርሙስ ስባሪ ያለበት ቦታ ነው፣ ወለሉም እርጥብ ነው። እህቴ በነጠላ ጫማ መጥታ ግማሹን ጉብኝት ቢሮ ቁጭ ብላ አሳለፈችው። እስካሁን ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለች።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ዳሸን በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተተከለ ነው፣ ስሙ ከራስ ዳሸን ተራራ እንደመጣ ታውቃለህ። ትልቅ ፋብሪካ ነው። ክራፍት የሚባለው ዓይነት አይደለም፣ እሱን ከጭንቅላትህ አውጣው። ክራፍት ማለት ጠማቂው በትንሽ በትንሹ፣ እንደ ራሱ እጅ የሚጠምቀው ነው። እሱን ከፈለግክ እዚያው አዲስ አበባ ቦሌ ቢር ጋርደን ኢን አለልህ፣ ቀላ ያለውንም ጠቆር ያለውንም ራሳቸው ይጠምቃሉ። ለዚያ ብለህ ጎንደር ድረስ አትልፋ። ጎንደር ላይ ያለውን ክራፍት ግን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ገና ስትገባ የሚቀበልህ ሽታው ነው። ብቅሉ ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ልክ እናትህ የገብስ ገንፎ እያገነፋች ያለች ይመስልሃል። ሙቀቱ 65 ዲግሪ አካባቢ ይያዛል፣ የገብሱ ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ፈሳሹ ተጣርቶ ከሆፕ ጋር ይፈላል። እዚህ ላይ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩና ሆፕን ለአክስቴ ልጆች «የፈረንጅ ጌሾ» ብዬ ገላገልኳቸው። አማቼ ምን እንዳልኩ ጠይቆ ሲረዳ ጌሾ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። መምረሪያውም፣ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርገውም እሱ ነው አልኩት። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ እርሾ ይገባል፣ በቅዝቃዜ ይቦካል፣ ዜሮ ዲግሪ በቀረበ ጋን ውስጥ ይከርማል። ትልልቆቹን የብረት ጋኖች ስታይ ዝም ትላለህ። ቢራው የሚቦካበት ክፍል ውስጥ ግን «እዚህ አትግቡ» ካሉህ አትግባ። ሲቦካ የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ይጥላል።

አማቼን ከሁሉ ያስደነቀው ምን መሰለህ? አተላው። ከብቅሉ የተረፈውን ገብስ የወተት ላም ያላቸው ሰዎች ለከብት መኖ እንደሚወስዱት ሲሰማ «እኛም ጋ እንዲሁ ነው!» ብሎ እንደ ልጅ ተደሰተ። እኔ ደግሞ የፋብሪካውም የእናቴ ጠላም ትርፍ አንድ ስም እንዳለው ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት።

4. ቅምሻ። ሁለተኛው ውርደቴ እዚህ ጋ ነው። ያን ቀን ዓርብ ነበር። ከቤት ስንወጣ አልበላሁም፣ ጾም ነው ብዬ። አየህ፣ ቅምሻ ማለት መጠጣት አይደለም። አማቼ በትንሽ ብርጭቆ ሁለት ጣት ያህል አስቀዳ። በመጀመሪያ አየው፣ አሸተተው፣ አረፋው እስኪወርድ ቆጠረ፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ አድርጎ አፉ ውስጥ አንከባለለው። እኔ? ድራፍት በጃምቦ። «የአገር ልጅ እንዲህ ነው የሚጠጣው» ብዬ። ሦስት ጃምቦ በባዶ ሆድ። 5 በመቶ ገደማ አልኮል ነው፣ ቀላል ይመስላል። ሦስተኛውን ስጨርስ ጀርመንኛ የገባኝ መሰለኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ብላ። ከጾም ቀን ውጪ ከሆነ ጥብስ፣ ካልሆነም ሽሮህን በደንብ። ከዚያ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው ሂድ። በመሃል ውሃና ዳቦ ቆሎ። በጣም ቀዝቅዞ ከመጣ ትንሽ አቆየው፣ ብርዱ ምላስህን ያደነዝዘዋል። ድራፍቱንና ጠርሙሱን ጎን ለጎን ቅመስ። የጠርሙሱ ብዙውን ጊዜ ከታሸገ በኋላ 60 ዲግሪ ላይ ይሞቃል፣ እንዲቆይ ነው። ጣዕሙ ላይ የምታገኘው ልዩነት ትንሽ ነው ግን አለ። እና ማንም ሹፌር አይሁን። ባጃጅ ኮንትራት ያዙ።

አንድ ደግሞ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ድራፍት ቀድታችሁ እንዳትመለሱ። የአክስቴ ልጅ ሞክሮታል። ፀሐይ ላይ ሲንገላታ ውሎ ማታ ሲከፍተው ግማሹ ጣሪያው ላይ፣ ግማሹ እናቴ ላይ። የቀረው ደግሞ ረጭ ያለ ነገር ነበር።

5 ነው 6፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጠላ ቤት ሂዱ። ክራፍት ቢራ ያልከው ይኼ ነው። ፋብሪካው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ቢራ ለማውጣት ነው የሚለፋው። ጠላ ግን እንደ ጠማቂዋ እጅ ነው። አንዷ ገብስ፣ ሌላዋ ዳጉሳ ታበዛለች። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። እኛ የሄድንባት እትዬ ቤት ከደጃፉ ጀምሮ የወይራው ጭስ ይሸታል። አማቼ ብርጭቆውን ሲያነሳ ጭሱን ገና ከመጠጣቱ በፊት ለየው። እትዬ ጋኑን ከፍታ ጉሹን አሳየችው። ከላይ የእንኩሮው ፍርፋሪ እየተንሳፈፈ፣ ጥቃቅን አረፋ እየፈነዳ «ትስስ፣ ትስስ» ይላል። ጆሮውን ወደ ጋኑ አስጠጋ። ያን ሁሉ የብረት ጋን ሲያይ እንደዚያ አላደረገም።

«ስንት ዲግሪ ነው የምታፈይው?» ብለሽ ጠይቂልኝ አላት እህቴን። ጠየቀቻት። እትዬ ክንዷን ጋኑ ሆድ ላይ ለጠፍ አድርጋ «ይኼን ያህል» አለች።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ከእህቴ ሰምቼ ነው። እኔ ያን ሰዓት መደቡ ላይ ተጋድሜ እያንኮራፋሁ ነበር። ፎቶ አለ። በየዓመቱ በገና ይላክልኛል።

በል እንግዲህ፣ ደብዳቤውን ዛሬ ጻፍ። ጠላ ቤቱን በውስጥ መስመር ጠይቀኝ፣ አሳይሃለሁ፣ ሦስት አራት ቀን ቀድመህ ንገረኝ እንጂ ጥሩ ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም። ፒያሳ ማኪያቶ ስትጠጡ ደግሞ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው «ፋብሪካው ውስጥ አጎት አለኝ» ካላችሁ፣ 3,000 ብሬን ጠይቁልኝ።