ሎሪ ሞታ አልነበረም እንዴ?

ባለፈው ዕትም ስለ «ሃሎዊን» ተከታታይ ፊልሞች ሁለት መስመር ብጽፍ ይህን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ከመጡት አራቱን መርጫለሁ። ለማያውቃቸው፦ አስፈሪ የአሜሪካ ፊልሞች ናቸው፤ ሃሎዊን በሚባለው፣ ልጆች ጭምብል አድርገው በሚያከብሩት በዓል ማታ፣ ማይክል ማየርስ የሚባል ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ ሎሪ የምትባል ወጣትን ያሳድዳል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻ እየተናገርኩ ስለምሄድ፣ ያላያችሁ ካላችሁ መጀመሪያ አይታችሁ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ የ1978ቱን አይቼ በጣም ወደድኩት። ቀጥሎ ጓደኛዬ የ2002ቱን አሳየኝ፤ ሎሪ ገና ፊልሙ ሳይሞቅ ትሞታለች። ከዚያ የ2018ቱን ስከፍት ሎሪ ፀጉሯ ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ጠመንጃ ታጥቃ አገኘኋት። የትኛውን ልመን? በምን ቅደም ተከተልስ ልያቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢያደናግርህ አይገርምም። ፊልም ሠሪዎቹ በየጊዜው የቀደመውን እየሰረዙ እንደ አዲስ ጀምረዋል። እስከ 2022 ድረስ 13 ፊልሞች ወጥተዋል። የ1978ቱን ግንድ አድርገህ ያዘው፤ ከእሱ ሦስት ቅርንጫፍ ይወጣል። አንደኛው በ1981ዱ ሁለተኛ ክፍል አልፎ ወደ 1988፣ 1989 እና 1995 ይሄዳል፤ እዚህ ሎሪ በመኪና አደጋ ሞታ ጄሚ የምትባል ትንሽ ልጅ ትታለች። ሌላው ያንኑ የ1981ዱን ይዞ ወደ 1998 እና 2002 ይዘላል፤ ጓደኛህ ያሳየህ የዚህን ጭራ ነው። የመጨረሻው ከ1978ቱ በኋላ ምንም እንዳልተሠራ ቆጥሮ በ2018፣ በ2021 እና በ2022 ይቀጥላል። የዳይሬክተሩ የሮብ ዞምቢ ሁለቱ፣ የ2007 እና የ2009፣ ታሪኩን ከሀ ጀምረው እንደገና ያወሩት ናቸው። የ1982ቱ ብቻውን የቆመ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ደብዳቤ ስላለ እዚያ እመለስበታለሁ።

እኔን ከጠየቅኸኝ የ1978ቱን ካየህ በኋላ ቀጥታ ወደ 2018ቱ እለፍ፤ የ1981ዱን አታስቀድም። ምክንያቴን ልንገርህ፣ ምክንያቴ አንዲት ቁልፍ ናት።

የሎሪ አባት ቤት ያሻሽጣሉ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ የማይክል ማየርስን የድሮ ቤት ቁልፍ እዚያው ምንጣፍ ሥር እንድታስቀምጥላቸው ያሳስቧታል። መንገድ ላይ ያገኛት ትንሹ ቶሚ የጭራቅ ቤት ነው፣ አትጠጊው እያለ ይለምናታል። እሷ ደረጃውን ወጥታ፣ ጎንበስ ብላ ቁልፏን አስቀምጣ ትመለሳለች። ካሜራው ያለው ከቤቱ ውስጥ ነው። በበሩ መስታወት ጀርባዋን እያየን ሳለ ከጎን አንድ ትከሻ ገባ ይላል፤ ትንፋሽ ይሰማል። ማይክል ሎሪን የመረጠው በዚህች ቅጽበት ነው፣ ሌላ ምንም የለም። አባትየው ቁልፉን ራሳቸው ቢያደርሱት ኖሮ ያን ምሽት የሚከተለው ሌላ ሰው ነበር።

ፊልሙ ከመጀመሪያው እንዲህ ነው። የ6 ዓመቱ ማይክል በ1963 የሃሎዊን ማታ ታላቅ እህቱን ይገድላል። አባቱ ከውጭ ገብተው ጭምብሉን ሲያነሱለት ከሥሩ ክፉ ፊት አታይም፤ ባዶ ፊት ነው፣ ቢላውን የያዘም አይመስልም። 15 ዓመት የተከታተሉት ዶክተር ሉሚስ እንኳ ለምን የሚለውን ሊመልሱልን አልቻሉም። ክፋት ነው ብለው ከመደንገጥ በቀር ቃል የላቸውም። ሉሚስን የተጫወተው ዶናልድ ፕሌዘንስ ይህን ሲናገር ዓይኑን ተመልከተው፤ በሙያው የተሸነፈ ሐኪም ዓይን ነው።

በ1981ዱ ግን ሎሪ የማይክል እህት ናት ተባለ። ስክሪፕቱን የጻፉት የመጀመሪያውን የጻፉት ጆን ካርፔንተርና ደብራ ሂል ራሳቸው ናቸው፤ ካርፔንተር በኋላ ይህን ሐሳብ እንዳልወደደው በግልጽ ተናግሯል። ለእኔ ተከታታዩ የታመመው እዚያ ላይ ነው። እህቱን የሚፈልግ ገዳይ ከሆነ፣ እኔ እህቱ አይደለሁምና በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። ምንጣፍ ሥር የተቀመጠችው ቁልፍ ግን ማንንም አታስተኛም። ከዚያ ወዲህ ምክንያት በምክንያት ላይ ተደረበ። የእህቱ ልጅ መጣች፤ በ1995ቱ የምስጢር ማኅበር እርግማን ነው ተባለ፤ በ2007ቱ ደግሞ የተበላሸ ቤት፣ ሰካራም የእናቱ ወዳጅ፣ ትምህርት ቤት የሚያንገላቱት ልጆች ተዘረዘሩ። የ2007ቱ በጭካኔው ብርቱ ነው፣ አልክድም። ግን ማይክልን ሲያስረዳኝ አዝንለታለሁ፣ ካዘንኩለት በኋላ ደግሞ መፍራት ያቅተኛል።

የ2018ቱን ዳይሬክተር ዴቪድ ጎርደን ግሪንን የማመሰግነው ለዚህ ነው። የሎሪ የልጅ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ስትሄድ አንዱ ማይክል የሎሪ ወንድም አልነበረም ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ ሰዎች የፈጠሩት ወሬ ነው ብላ ታልፈዋለች። የ37 ዓመት ሸክም በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረደ።

የ1998ቱን ግን እህትነቱን ይዞም ቢሆን እንዳታልፈው አደራ። ሎሪ ስሟን ቀይራ በካሊፎርኒያ የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆናለች፤ መጠጥ ታበዛለች፤ ልጇን ከግቢ አታስወጣም። ከዚያ በአንዲት ክብ የበር መስታወት በኩል ከማይክል ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በመካከላቸው አንድ መዳፍ የማይሞላ መስታወት ብቻ። ልጇን አስወጥታ ከሸኘች በኋላ የግቢውን በር ከውስጥ ዘግታ፣ መጥረቢያ አንስታ ስሙን እየጠራች ትመለሳለች። ሎሪን የተጫወተችው ጄሚ ሊ ከርቲስ በ1978 ስትጀምር የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በዚያች አረማመዷ ውስጥ 20 ዓመቱ በሙሉ አለ። በመጨረሻም አንገቱን በመጥረቢያ ትቆርጠዋለች። የ2002ቱ መጥቶ አንገቱ የተቆረጠው ማይክል ሳይሆን ጭምብል የተደረገለት፣ ጉሮሮው ተደቁሶ መናገር ያቃተው የአምቡላንስ ሠራተኛ ነበር አለን። ያቺን ሴት የንጹሕ ሰው ገዳይ አድርጎ፣ አእምሮ ሆስፒታል አስገብቶ፣ ከዚያ ከጣሪያ ወርውሮ ገደላት። ይህን ይቅር አላልኩም።

ጥያቄ፦ የ3ኛውን ክፍል ከፈትኩት፣ እስኪያልቅ ማይክልን ጠበቅኩት፣ የለም። ተታለልኩ። አንተ ይህን ፊልም እንዴት ትወደዋለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል፤ በ1982 የከፈሉት ተመልካቾችም እንዳንቺው ተናደዋል። የሆነው እንዲህ ነው። ማይክልና ሉሚስ በሁለተኛው መጨረሻ በእሳት ጋይተዋል። ካርፔንተርና ሂል ታሪኩ በቃ ብለው በየጊዜው ሌላ የሃሎዊን ምሽት፣ ሌላ ታሪክ፣ ሌላ ፍርሃት ሊያሳዩን አሰቡ። ዳይሬክተሩም እንግዳ አይደለም። ቶሚ ሊ ዋላስ በመጀመሪያው ፊልም «ስታር ትሬክ» የሚባለውን ተከታታይ ገጸ ባሕርይ የካፒቴን ከርክን ጭምብል ገዝቶ፣ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍቶ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ የማይክልን ፊት የሠራው ሰው ነው። ጭምብሉ 2 ዶላር እንኳ አልሞላም።

አሁን ማይክልን እርሺና እንደገና እዪው። አንድ ፋብሪካ ለልጆች የሃሎዊን ጭምብል ይሠራል፤ ቴሌቪዥኑ በ«ለንደን ብሪጅ» የልጆች መዝሙር ዜማ ስንት ቀን እንደቀረ ይቆጥራል፤ በበዓሉ ማታ ሁሉም ልጅ ጭምብሉን አድርጎ ቴሌቪዥን ፊት እንዲቀመጥ ተነግሮታል። አንድ ቤተሰብ ለሙከራ ክፍል ውስጥ ሲዘጋበት፣ ልጁ ጭምብሉን እንዳደረገ ሲወድቅና ከሥሩ ነፍሳትና እባብ ሲወጣ የሚያሳየው ትዕይንት በሌሎቹ 12 ፊልሞች ውስጥ አቻ የለውም። መጨረሻው ደግሞ ዋናው ተዋናይ ቶም አትኪንስ ስልክ ጨብጦ ማስታወቂያውን አጥፉት እያለ ይጮኻል። አንዱ ጣቢያ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ይዘጋል፣ ሦስተኛው ይቀጥላል። ፊልሙ ጩኸቱ ላይ ይቆረጣል። ሌላ ስም ቢወጣለት ኖሮ ዛሬ በክብር የሚነሣ ፊልም ይሆን ነበር።

ተመልካቹ ስላልተቀበለው በ1988 ማይክልን መለሱት። እሱን ፊልም ዳኒዬል ሃሪስ ስለ ተጫወተችው ስለ ትንሿ ጄሚ ብለሽ እዪው። መጨረሻ ላይ የክላውን ልብስ ለብሳ፣ መቀስ ይዛ፣ በደም ተነክራ ከደረጃው ራስ ትቆማለች፤ ሉሚስ ቀና ብለው ሲያዩዋት የሚያሰሙት ጩኸት አሁንም ይከብደኛል። በ1989 ያን መጨረሻ እንደሌለ ቆጠሩት፤ ተከታታዩ ከጣላቸው ዕድሎች ሁሉ ትልቁ ነው።

ጥያቄ፦ ሰውዬው አይሮጥም፣ አይናገርም፣ የመጀመሪያው ፊልም ደግሞ ደም እንኳ የለውም። ምኑ ነው የሚያስፈራው?

መልስ፦ አለመሮጡ ነው። ሯጭን ሮጠህ ታመልጠዋለህ፤ የሚራመድ ሰው ግን አንተ እንደምትቆም ያውቃል።

ደሙን በተመለከተ አንድ ትዕይንት ልጥቀስልህ። ሎሪ የጓደኞቿን ሬሳ አግኝታ ከኮሪደሩ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ከጎኗ የተከፈተ በር አለ፣ ውስጡ ጨለማ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ነጩ ጭምብል ቀስ ብሎ ይወጣል። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ሲኒማቶግራፈሩ ዲን ከንዲ ትንሽ መብራት በጣም በዝግታ ከፍ አድርጎ ነው ያወጣው። ዓይንህ ጨለማ ሲለምድ የሚሆነውን አስመስሎታል፤ ስለዚህ አሁን የመጣ አይመስልህም፣ ቀድሞም የነበረ ይመስልሃል። ፊልሙ በ20 ቀን ገደማ፣ ወደ 300,000 ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ የተሠራ ነው። በፀደይ ስለተቀረጸ ደርቆ የረገፈ ቅጠል አልነበረም፤ ወረቀት ቀብተው በትነው፣ ከዚያ ለቅመው ለሚቀጥለው ትዕይንት ይወስዱት ነበር።

ሙዚቃውን አትርሳ፤ የደረሰው ካርፔንተር ራሱ ነው። ካርፔንተር ሙዚቃ ሳይገባበት ያየችው የስቱዲዮ ሰው ምንም እንዳልፈራች ራሱ ጽፏል። እኔም በ14 ዓመቴ ማታ፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዘግቼ ነበር ያየሁት፤ ታላቅ ወንድሜ እዚያው አጠገቤ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ ቤቱ ባዶ ሲሆን በድምፅ ደገምነው። ፒያኖው ሲጀምር ወንድሜ ተነሥቶ መጋረጃውን ዘጋ። ያ ምት ባለ አምስት ነው፤ የካርፔንተር አባት የሙዚቃ መምህር ነበሩ፣ በልጅነቱ በቦንጎ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጆሮህ በአራት እንዲያርፍ ይጠብቃል፣ እሱ ግን አንድ ይጨምርበታል። አንተም ከዚያች ትርፍ ምት የተነሣ ሳታርፍ ትቀራለህ።

ጥያቄ፦ የ2022ቱን ሁሉም ይሰድበዋል። አንተስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ ሁለተኛ ካየሁት በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ከፊልሙ የሚበልጠውን የያዘው ማይክል አይደለም፤ ኮሪ የሚባል ወጣት ነው። በሞግዚትነት ልጅ ሲጠብቅ በአደጋ ልጁ ከፎቅ ወድቆ ይሞታል። ከተማው ነፍሰ ገዳይ ይለዋል፣ እሱም ቀስ በቀስ የተባለውን ይሆናል። የመክፈቻው ትዕይንት ከ2021ዱ ፊልም ሙሉ በሙሉ ይበልጣል፤ የ2021ዱ ሰው ከመቁጠር በቀር ብዙ የለውም።

ጉድለቱ ሌላ ነው። የሎሪንና የማይክልን ፍጻሜ ቃል ገብቶልን ሲያበቃ ለሁለቱ የተረፈው የመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ነው። የኮሪ ታሪክ ለብቻው ፊልም ይሁን ቢባል በደስታ እቀበላለሁ፤ ያኔ ግን እንደ 1982ቱ ማይክል የት አለ የሚል ጩኸት ይነሣ ነበር። የማይክልን ሬሳ ከተማው ሁሉ አጅቦ ወስዶ ብረት መፍጫ ማሽን ውስጥ ሲከተው ሳይ እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

እፎይ ያላልኩበት ምክንያት የ1978ቱ መጨረሻ ነው። ሉሚስ ስድስት ጥይት ተኩሰውበት ከሰገነቱ ወድቋል፤ ወደ ታች ሲያዩ ሣሩ ላይ ማንም የለም። ከዚያ ካሜራው ያለፍንባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ያሳያል፦ ደረጃው፣ ሳሎኑ፣ የጎረቤት ቤት፣ በመጨረሻም ሎሪ ጠዋት ቁልፍ ያስቀመጠችበት ቤት። አንድም ሰው የለበትም። ትንፋሹ ግን ከሥዕል ሥዕል አይቋረጥም። የ2022ቱን ስትጨርስ እነዚያን ጥቂት ሥዕሎች መልሰህ ክፈታቸው፣ ድምፁንም ከፍ አድርገው።