«ልላጫት ወይስ ጋዝ ልቀባት?»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ 6 ዓመቷ ነው። በኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ «ፀጉሯ ይታይ» ተብሎ ተጻፈልኝ። ሳየው ቅማል ነው። በጣም አፈርኩ፤ እሁድ እሁድ ሳላጥባት ቀርቼ አላውቅም። የቅማል ሻምፑ ገዝቼ ባጥባትም በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አማቴ «ነጭ ጋዝ ቀብተሽ በሻሽ እሰሪው» ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ «ላጪያትና ተገላገይ» ትላለች። ምን ይሻለኛል?
እናት ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ነጭ ጋዙን እርሺው። ጤና ጣቢያ ስሠራ የራስ ቆዳው ተልጦ የመጣ ልጅ አይቻለሁ። ከሰል አጠገብ ከሄደች ደግሞ እሳት ነው። የበረሮ መድኃኒትም ያው ነው። አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ በእሳቸው ጊዜ ምን ነበረና! «እሺ» በያቸውና ጋዙን ለምድጃው ተዪው።

ማፈሩም ይቅር። የራስ ቅማል ንጹሕ ፀጉር ላይም ይኖራል። አይዘልም፣ አይበርም፤ ልጆች ጭንቅላት ገጥመው ሲጫወቱ ይሻገራል። ተስቦ የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፣ እሱ ሌላ ነው። መላጨትም አያስፈልግም። ተላጭታ ክፍል ስትገባ የሚደርስባትን አስቢው።

ተመልሶ የመጣው ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር ስለሚቆም ነው። መድኃኒቱ ቅማሉን ይገድላል፣ ቅጫሙ ግን ይተርፋል። በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ይፈለፈልና እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ 1 በመቶ ፐርሜትሪን ያለበትን የፀጉር መድኃኒት ከፋርማሲ ግዢ። ሹሩባዋን ፍቺ። በተራ ሻምፑ እጠቢያት፣ ኮንዲሽነር እንዳትቀቢ። በፎጣ አድርቀሽ፣ እርጥበት እንዳለው ከሥሩ ቀቢያት። 10 ደቂቃ ይቆይና በውኃ ይለቅለቅ። በ9ኛው ቀን ድገሚው። ይቺን ነው ሰው የሚዘላት።

ማታ በአምፖል አትፈልጊ። ቀን በረንዳ ላይ አስቀምጫት። ለፍተሻ ሲሆን ኮንዲሽነር ይጠቅማል፤ እርጥብ ፀጉሯን ቀብተሽ ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ ጎትቺ። በጎተትሽ ቁጥር ማበጠሪያውን በነጭ ሶፍት ጥረጊ። ሰሊጥ የሚያህል ቡናማ ነገር ሶፍቱ ላይ ከተንቀሳቀሰ አገኘሽው ማለት ነው። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት አካባቢ ደግሞ ረጋ ብለሽ እዪ። ፎረፎር እፍ ሲሉት ይረግፋል፤ ቅጫም ግን ፀጉሩ ላይ ተጣብቋል፣ በጥፍር ካልተሳበ አይወርድም። ይህን ማበጠር በየሦስት አራት ቀኑ እስከ ሁለት ሳምንት ቀጥዪ።

የቤቱን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ፈትሺ፣ አማትሽንም ጭምር። የተገኘበት አብሮ ይቀባ፤ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ። ፍራሽ ላይ መድኃኒት አትርጪ፤ ከጭንቅላት የወረደ ቅማል ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። የትራስ ልብሱንና ሻሿን በሙቅ ውኃ ማጠብ ይበቃል። ሹሩባ ስታሠሪያት ማበጠሪያ ከቤት ይዘሽ ሂጂ።

ከማከኳ ብዛት ቆስሎ መግል ከያዘ፣ ወይም ከሁለተኛው ዙር በኋላም የሚሄድ ቅማል ካየሽ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።