«ከሃዲ» የተባለውን ሰው ለምን እፈራለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ያደግሁት ከውጭ ሰው ጋር መቀራረብን አጥብቆ በሚከለክል የሃይማኖት ቡድን ውስጥ ነው። ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን እጸልያለሁ፣ እማራለሁ፣ እቆርባለሁ። ሆኖም ከእኔ ቀድመው የወጡትን ሰዎች እስካሁን እፈራቸዋለሁ። በቅርቡ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ አብሮ አደጌን አየሁት። እርሱ ከብዙ ዓመት በፊት ወጥቶ «ከሃዲ» ተብሎ በጉባኤ ፊት ስሙ የተነበበ ነው። ገና ሳየው እጄ ቀዘቀዘ፤ ማንም ሳይደውልልኝ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ይህ ፍርሃት መንፈስ ቅዱስ እያስጠነቀቀኝ ይሆን? ወይስ የእምነት ማነስ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ላንተም ይሁን። ስለ ጸሎትና ስለ ቍርባን የምትፈጽመውን ራስህ ስለ ነገርኸኝ በእርሱ ላይ አልጨምርም። ከእንዲህ ያለ ቡድን ወጥተው ወደ እኔ ከመጡት ምእመናን ብዙዎቹ የጠየቁኝ አንተ የጠየቅኸውን ነው፤ «ልቤ የሚደነግጠው እግዚአብሔር ቢያስጠነቅቀኝ አይደለምን?» ይላሉ። አይደለም። ይህን በግልጽ ልንገርህ የወደድሁት አንዳንዶች በዚህ ስሕተት ምክንያት ከወጡ በኋላም ለዓመታት ታስረው ሲኖሩ ስላየሁ ነው።

እስቲ ያን ቀን የሆነውን መለስ ብለህ ተመልከተው። አብሮ አደግህ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ትምህርት አላስተማረም፣ ወደ ኃጢአት አልጋበዘህም። እንደ አንተ ተራውን የሚጠብቅ ሕመምተኛ ነበረ። መንፈስ ቅዱስ ቢያስጠነቅቅህ ኖሮ ከምን ነበር የሚያስጠነቅቅህ? ከሰላምታ? አንተን ያስደነገጠህ ሰውዬው ሳይሆን ከልጅነትህ ጀምሮ በስሙ ላይ የተለጠፈው ቃል ነው። የወጣ ሰው ትዳሩ እንደ ፈረሰ፣ እንደ ታመመ፣ እንደ ከሰረ ሲነገርህ አደግህ፤ ወጥቶ በሰላም ስለሚኖር ሰው ግን ማን ይነግርህ ነበር? ራሱ እንዳይነግርህ እርሱን ማነጋገር ተከልክሏል። ሰሚው ሄዶ እንዲያጣራው ያልተፈቀደለት ወሬ ደግሞ ሐሰትም ቢሆን ዘመኑን ሙሉ እውነት መስሎ ይኖራል። ሐዋርያው «እግዚአብሔር የኃይልና የፍቅር ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንምና» ያለውን (2ኛ ጢሞ. 1፥7) በዚህ ቦታ አስበው።

ቃሉንም እንመርምረው። በቋንቋችን «ካደ» ሲባል ሰሚው «ማንን?» ብሎ ይጠይቃል። ክህደት የሚካድ ይፈልጋልና። አብሮ አደግህ ማንን ካደ? ክርስቶስን ከሆነ ነገሩ ብርቱ ነው፤ አላቃልለውም። የካደው የቡድኑን መሪዎች ሥልጣን ከሆነ ግን፣ ክርስቶስን ለካደ ሰው የሚሰጠውን ስም መሪዎቹ ለራሳቸው ክብር ማስጠበቂያ አድርገውታል ማለት ነው፤ እኔ ይህን ከባድ በደል እለዋለሁ። ቅዱስ ጳውሎስም በኢየሩሳሌም አይሁድን ከሙሴ ሕግ የሚያስክድ ተብሎ ተወርቶበት ነበር (ሐዋ. 21፥21)። ደግሞም ልብ በል፤ በእነርሱ መዝገብ አንተም ዛሬ ያው ስም አለህ። ስልክህን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ፊትህን ያዞርኸው ከጓደኛህ ብቻ አይመስለኝም፤ እርሱን ስታይ በራስህ ላይ የተነበበውን ፍርድ አይተሃል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ታስታውሳለህ። ወላጆቹ ከምኵራብ መባረርን ፈርተው «ሙሉ ሰው ነው፣ ጠይቁት» ብለው ልጃቸውን ለብቻው ተዉት። እርሱ ግን «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ» አለ፤ አውጥተውም ጣሉት። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምንተርከው ስለ ዓይኑ መብራት ነው። እኔ የሚነካኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጌታችን ወደ ውጭ እንዳወጡት በሰማ ጊዜ ሰውዬውን አገኘው፣ «በእግዚአብሔር ልጅ ታምናለህን?» ብሎም ጠየቀው። የተባረረው ሰው የጌታን ፊት በዓይኑ ያየው ከተባረረ በኋላ ነው፤ በዳነበት ሰዓት ገና በሰሊሆም መጠመቂያ እየታጠበ ነበርና።

«እሺ፣ በእውነት ክርስቶስን የካደስ?» ትለኝ ይሆናል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶቻችን ይህንኑ ጉዳይ አይተውታል። ክርስቲያኖችን ባሳደደው በሮም ንጉሥ በሊቅንዮስ ዘመን አንዳንዶች ሳይገደዱ፣ ሀብታቸው ሳይወረስ፣ የሚያስፈራ ነገር ሳይደርስባቸው ሃይማኖታቸውን ክደው ነበር። ጉባኤው በ11ኛው ቀኖና ርኅራኄ ባይገባቸውም ይራራላቸው ብሎ ወሰነ፤ ከልባቸው የተጸጸቱት 3 ዓመት ቃሉን ብቻ ሰምተው ከሚወጡት ንስሐ ገቢዎች (ከሰሚዎች) ጋር፣ 7 ዓመት እየሰገዱ ምሕረት ከሚለምኑት (ከሰጋጆች) ጋር፣ 2 ዓመት ደግሞ ሳይቈርቡ ከሕዝቡ ጋር በጸሎት እንዲቆዩ አዘዘ። 12 ዓመት ቀላል ቀኖና አይደለም። ነገር ግን የቆሙበትን ቦታ ተመልከት። የካደው ሰው ንስሐውን የፈጸመው ከምእመናን ጋር፣ ቃሉ በሚነበብበት ጉባኤ ነው። ሲሰግድ ያዩት ነበር፤ ሲያልፍ መንገድ የሚያቋርጥ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር እንዲኖር ያዘዘ ቀኖና አልነበረም። አባቶች ክህደትን ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ይጠሉት ነበር፤ የካደውን ሰው ግን አልሸሹትም።

«በቤታችሁ አትቀበሉት ሰላምም አትበሉት» የሚለውን (2ኛ ዮሐ. 10) ስንት ጊዜ እንዳነበቡልህ እገምታለሁ። ሦስት ቁጥር ከፍ ብለህ ቁጥር 7ን አንብብ፤ የሚናገረው ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ እንደ መጣ ስለማያምኑ፣ ይህንም ለማስተማር ስለሚዞሩ አሳቾች ነው። ሐኪም ቤት ተራ ስለሚጠብቅ አብሮ አደግ አይናገርም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ። ከእንዲህ ያለ ቡድን የወጡ አንዳንድ ሰዎች ፍርሃቱ ሲለቃቸው የወጣ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ሳይመረምሩ ይቀበላሉ። ትናንት መሪው ስለ ተናገረው ያምኑ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ መሪውን የሚቃወም ስለ ተናገረው ያምናሉ፤ መመርመርን ገና አልጀመሩም። «መናፍስት ከእግዚአብሔር ሆነው እንደ ሆነ መርምሩ» ተብሎ ታዝዘናል (1ኛ ዮሐ. 4፥1)፤ የሚመረምር ደግሞ አስቀድሞ ይሰማል። ስለዚህ አብሮ አደግህን ስማው፤ እውነት ቢናገር ተቀበል፣ ቢሳሳት በፍቅር ንገረው፣ መልሱን ባታውቅ ወደ ንስሐ አባትህ ይዘኸው ና። በተጎዳበት ቁጣ አንዳንድ መራራ ቃል ቢናገርም አትደንግጥ፤ ምናልባት እስከ ዛሬ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለም።

ፍርሃቱ ይህን ስላነበብህ ነገ አይጠፋም፤ እጅህ እንደገና ሊቀዘቅዝ ይችላል። የእምነት ማነስ ነው ብለህ ራስህን አትክሰስ። ሰውነት በብዙ ዓመት የተማረውን በአንድ ቀን አይረሳም። ስትደነግጥ «ጌታ ሆይ፣ ይህም የአንተ ፍጥረት ነው» በል፣ ቀጥሎም ስሙን ጠርተህ «እንዴት ነህ?» በለው። ለመጀመሪያው ቀን ይህ ይበቃል።

ያን ቀንም አይቶህ ሊሆን ይችላል። አንተ ከወጣህ ሁለት ዓመት እንደ ሆነህ የነገረው ሰው ከሌለ፣ እንደ ቀድሞው ታዝዘህ የሸሸኸው መስሎት ወደ ቤቱ ሄዷል።