ፔፕታይድህ ሰነፈ? ንድፉን ተወውና ድልድዩን እይ

ከጎንደር አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጽፎልኛል። «ሲኤክስሲአር4 የተባለውን የኬሞካይን (ሴሎችን የሚጠራ መልእክተኛ ፕሮቲን) ተቀባይ እንዲዘጋ፣ ቲ140 ከተባለው የታወቀ ከልካይ ተነስቼ ባለ 14 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ነደፍኩ። የመጀመሪያው ብልቃጥ ጁርካት የተባሉትን የደም ካንሰር ሴሎች ጉዞ በደንብ አቆመ። ሁለተኛውን ከርካሽ ሻጭ አዘዝኩ። አልሠራ ሲል ጓደኛዬ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አድርጎ በጠበጠውና አየር ላይ አሳደረው። አሁን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ሴረም ሲነካው ጭራሽ ይጠፋል። ንድፉን ልቀይር? ወይስ ራሴ ልሥራው? ለሥራው የሚያስፈልገው ቲኤፍኤውም (ጠንካራ አሲድ ነው) ኤተሩም አለኝ፣ ኤተሩን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

ከሁሉ በፊት ኤተሩ! የቤት ፍሪጅ ከሆነ ዛሬውኑ አውጣው። አምፖሉና ሙቀት መቆጣጠሪያው ብልጭታ ያወጣሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ሞተሩ በራሱ ይነሳል። ኤተር ባሕር ጠለል ላይ በ34.6 ዲግሪ ይፈላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ 30 ሳይደርስ ይፈላል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ እሳት ይፈልጋል።

ወደ ፔፕታይዱ ልመለስ። ንድፉን አትንካው፤ ንድፉ ቢበላሽ ኖሮ የመጀመሪያው ብልቃጥም ባልሠራ። የእኔ ጥርጣሬ ድልድዩ ላይ ነው። ቲ140 ላይ 4ኛውና 13ኛው ቦታ ላይ ያሉት ሲስቴይን የተባሉ አሚኖ አሲዶች በዳይሰልፋይድ (በሁለት የሰልፈር አተሞች ድልድይ) ተያይዘው ሰንሰለቱን እንደ ጸጉር ማስያዣ ሽቦ ያጥፉታል። ርካሽ ሻጭ «ንጽሕና 95 በመቶ» ብሎ ይለጥፍና ድልድዩ ተዘግቶ ይሁን ክፍት ትንፍሽ አይልም። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ክብደትም ሁሉ ፔፕታይድ አይደለም። አርጂኒን በበዛበት ሰንሰለት ላይ ከአሠራሩ የተረፈው የቲኤፍኤ ጨው ብዙ ድርሻ ይይዛል። እሱን ሳትቀንስ መጠን ካሰላህ ከመነሻው ተሳስተሃል።

የጓደኛህ ጥገና ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። በዚያ ውፍረት እያንዳንዱ ሲስቴይን የራሱን ጓደኛ ሳያገኝ የጎረቤቱን ይይዛል። ጥንድ ሰንሰለት ነው የሚሆነው። ድልድይ የሚዘጋው ቀጥኖ ነው፦ በሚሊ ሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ፒኤች 8 አካባቢ፣ አየር እየነካው ሌሊቱን በቀስታ ይማሰል። ከዚያ አሲድ አድርገህ አጥራው። በኤልማን ሪኤጀንት ፈትነው፤ ቢጫ ካወጣ ገና ክፍት ነው። ቢጫ አላወጣም ብለህ ግን አትደሰት፣ ጥንዱም ቢጫ አያወጣም። ማስ ስፔክትሮሜትሪ (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የግድ ነው። የተዘጋው ከክፍቱ በ2 ዳልተን (በሁለት ሃይድሮጅን ክብደት) ይቀንሳል። ሁለት ቻርጅ የያዘ ጥንድ አንድ ቻርጅ ከያዘው ነጠላ ጋር እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በአይሶቶፖቹ ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት እይ፦ 1 ከሆነ ነጠላው ነው፣ ግማሽ ከሆነ ጥንዱ።

ድልድዩ ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ በጣም የምወደው ነገር ነው። የተቀባዩ ተፈጥሯዊ ደንበኛ ሲኤክስሲኤል12 ሥራውን በሁለት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ አካሉ ከሴሉ ውጭ የተንጠለጠለውን የተቀባዩን ጅራት ይይዛል። እዚያ ያሉት ታይሮሲኖች ሰልፌት ተጨምሮባቸው ኔጋቲቭ ሆነዋል። ቀጥሎ በላይሲንና በፕሮሊን የሚጀምረው የፊት ጫፉ ወደ ጎድጓዳው ገብቶ ተቀባዩን ያነሳሳዋል። መያዝና ማነሳሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 2ኛውን ፕሮሊን በግላይሲን ብትተካው አሁንም ይይዛል፣ ግን አያነሳሳም፤ ራሱ ከልካይ ይሆናል። ዲፒፒ4 የተባለው የሰውነታችን ኢንዛይምም የፊቶቹን ሁለት አሚኖ አሲዶች ቆርጦ ነው መልእክቱን የሚያጠፋው። አንተ የምትፈልገው ጎድጓዳውን ይዞ ዝም የሚል ነገር ነው። በ2010 የታተመው የተቀባዩ ክሪስታል ሲቪኤክስ15 የተባለውን ክብ ፔፕታይድ ጎድጓዳው ውስጥ አሳይቷል፤ አርጂኒኖቹ 171ኛውን፣ 187ኛውንና 262ኛውን አስፓርቲክ አሲዶች ፊት ለፊት ገጥመው። አርጂኒኖች እንዲህ በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን የሚይዙት ሰንሰለቱ ታጥፎ ሲቆይ ነው። ክፍት ከሆነ አንዱ ሲገባ ሌላው ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ የሴል ማሳደጊያህ ውስጥ መርካፕቶኤታኖል ካለ ለዚህ ፈተና አውጣው፣ ድልድይ ይፈታል። ዲቲቲም እንዲሁ።

የሴረሙ ነገር ሌላ ነው። የቲ140 የመጨረሻ አርጂኒን ሴረም ውስጥ ይቆረጣል። ያንን ጫፍ አማይድ በማድረግ (የአሲዱን ጫፍ በናይትሮጅን ቡድን በመድፈን) ነው ቲኤን14003 የተባለው የቲ140 ዝርያ የተሠራው። በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ሞቲክሳፎርታይድ የተባለው መድኃኒትም ከዚሁ ዘር ነው። ስታዝዝ «ጫፉ አማይድ፣ ድልድዩ የተዘጋ» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ከማስ ስፔክትረሙ ጋር።

ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ አውጥተህ ሳይሞቅ አትክፈተው፣ በተለይ በክረምት፤ ዱቄቱ እርጥበት ይስባል። ትንንሽ አድርገህ ከፋፍለህ አስቀምጠው።

በዚያው ሳህን ላይ ለማነጻጸሪያ ፕለሪክሳፎር የተባለውን የታወቀ የሲኤክስሲአር4 ከልካይ መድኃኒት ጨምር። እሱም ካልከለከለ ችግሩ ከሴሎቹ ወይም ከኬሞካይኑ ነው፣ ፔፕታይዱን አትክሰሰው።

ራስህ መሥራቱ ጥሩ ነው። ግን ቲኤፍኤውን ከጭስ መሳቢያ ውጭ እንዳትከፍተው፣ ቀጭን የናይትሪል ጓንትም አትመነው። ኤተሩን በምትሠራበት ሰዓት በበረዶ ባልዲ አቀዝቅዘው። ፍሪጁ ውስጥ አይመለስም።