የመንገዱ ብር ተገኝቶ የተማሪው ዕዳ ለምን ቀረ?

እህቴ፣ «አሜሪካ ለመንገድ፣ ለድልድይና ለሌላ መሠረተ ልማት 1.2 ትሪሊዮን ዶላር አግኝታ የተማሪ ዕዳ መሰረዝ እንዴት አቃታት?» ላልሽው፣ ችግሩ የብር እጥረት አይደለም። የመንገዱን ሕግ በ2021 ያጸደቀው ኮንግረስ ነው። ሴኔት ውስጥ 19 ሪፐብሊካኖችም ደግፈውታል፤ ድልድይ የሌለው ሰፈር የለማ። የዕዳውን ስረዛ ግን ባይደን በ2022 ያወጁት ኮንግረስን ሳይጠብቁ ነው። ለአንድ ተበዳሪ እስከ 10 ሺህ፣ ፔል ግራንት (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ) ለወሰዱ ደግሞ እስከ 20 ሺህ ዶላር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በ6 ለ3 ድምፅ ሻረው።

«ኮሌጅ ያልገባው ለምን ይክፈል?» የሚሉትን እረዳቸዋለሁ። ግን የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። ማታ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳ ላይ ቀሪ ዕዳዋን ታያለች። ስንት ዓመት ከፍላ ዋናው ብር ንቅንቅ አላለም፤ ወለዱ በላው። ቢያንስ ወለዱ ይነሳላቸው ባይ ነኝ።